ሥራን ትቶ ወደ ጉባኤ ቤት፦ ከአሰላ የሚነሣ ተማሪ ምን ይዞ ይሂድ?

የበጀት ዓመቱ ሒሳብ በሰኔ መጨረሻ ተዘግቶ ሐምሌ ሲገባ፣ ዝናቡም በጭላሎ ተራራ ላይ በሚጠናበት ሰሞን፣ በአሰላ ከተማ በየመሥሪያ ቤቱ የሰው ኀይል ክፍል ደጃፍ አንድ ዓይነት ጉዳይ ያላቸው ሰዎች ይበዛሉ፤ አንዱ የትምህርት ፈቃድ ይለምናል፣ አንዷ የሥራ ልምድ ማስረጃ ታጽፋለች፣ ሌላው ከንብረት ክፍል ወደ ሒሳብ ክፍል እየተመላለሰ የክሊራንስ ቅጹን ያስፈርማል፣ የወጪ መጋራት ዕዳውን ያልጨረሰውም ኦፊሻል ትራንስክሪፕቱ እንዲላክለት ገንዘብ ይበደራል። መምህሩም፣ ነርሷም፣ የግብርና ባለሙያውም፣ ሐኪሙም የተነሡበት ነገር አንድ ነው፤ ለዓመታት የያዙትን ሥራ በፈቃድ አቆይተው ወይም ፈጽመው ለቀው፣ ለሁለተኛ ዲግሪ ወይም ለስፔሻሊቲ ትምህርት ወደ አዲስ አበባ፣ ወደ ሐረማያ፣ ወደ ጅማ ወይም ወደ ሐዋሳ ሊሻገሩ ነው። ዘመድ ወዳጅ ይህን መነሣት በሁለት ዐይን ይመለከተዋል፤ አንዱ ወገን ዕድገት ነው ብሎ ሲመርቅ፣ ሌላው ወገን በእጅ የገባ እንጀራ መጣል ነው ብሎ ያዝናል። ሁለቱም ወገኖች የሚመዝኑት ደመወዙንና ወረቀቱን ነውና፣ ከሁለቱም ያመለጠ አንድ ሚዛን አለ፤ ይኸውም ሰውዬው ሥራው ራሱ የወለደበትን ጥያቄ ይዞ ይሄዳልን ወይስ ባዶ እጁን ይሄዳል የሚለው ነው። የዚህ ሐተታ አሳብ የሚቆመው በዚህ ሚዛን ላይ ነው።

ከአሰላ እስከ አዲስ አበባ 175 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መንገዱ በቁሉምሳ፣ በጎንዴና በኢተያ አልፎ ወደ ዴራና ወደ አዳማ ቆላ ይወርድና እንደ ገና ወደ ደጋ ይወጣል፤ አሰላም አዲስ አበባም ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር የማያንስ ከፍታ አላቸውና የተጓዡ ሳንባ ለውጡን አያውቀውም፣ ብርዱም እንግዳ አይሆንበትም። ለውጡ የሚታወቀው በማዕርግ ነው። በሆስፒታል «ሲስተር» እየተባለች የቀንና የሌሊት ተራ ስታከፋፍል የነበረች ሴት፣ በአዲሱ ከተማ ከመታወቂያዋ ቁጥር በቀር ማንም የማያውቃት ተማሪ ትሆናለች፤ በሰፈሩ ሁሉ «መምህር» ተብሎ ከወንበር የሚነሡለት ሰው፣ አከራዩ እትዬ የውኃውንና የመብራቱን ሥርዐት የሚነግሩት ተከራይ ይሆናል። በሠላሳ ዓመት ዕድሜ ከሃያ ሁለት ዓመት ወጣት ጎን ተቀምጦ ፈተና መፈተን፣ ትናንት በሥሩ የሠራ ሰው ዛሬ በማዕርግ ቀድሞት ማየት፣ ለትዕቢተኛ መከራ፣ ለትሑት ግን የጥበብ መጀመሪያ ነው።

እንዲህ ያለው መሰደድ ለሀገራችን ሰው አዲስ ነገር አይደለም። በቤተ ክርስቲያን ሥርዐተ ትምህርት ዕውቀት ሁሉ የየራሱ ደብር ነበረው፤ ድጓ የሚሻ ወደ ጋይንት ቤተልሔም፣ ዝማሬና መዋሥዕት የሚሻ ወደ ዙር አባ፣ ቅኔ የሚሻ ወደ ዋሸራ፣ አቋቋምና ትርጓሜ መጻሕፍት የሚሻ ወደ ጎንደር፣ ደበሎውን ለብሶ አኩፋዳውን አንግቶ፣ በየደጁ «ስለ ማርያም» እያለ በቁራሽ እየተዳደረ ይሄድ ነበር እንጂ፣ ዕውቀቱ ወደ ቤቱ እስኪመጣለት ድረስ አይጠብቅም ነበር። በእስልምናም ወገን ደረሳው ፊቅሁን ከአንዱ ሼኽ፣ ነሕዉን ከሌላው ሼኽ ለመቅራት ከአገር አገር ይዞር ነበር፤ የወሎ ዳናን የመሰሉ የዕውቀት ማእከሎች ስማቸው የገነነው፣ ከሩቅ የመጡ ደረሶች በዙሪያቸው ጎጆ እየቀለሱ ስለ ሰነበቱባቸው ነው። የአርሲ ደገኛም ቢሆን ወደ ባሌ ድሬ ሼኽ ሑሴን ለዚያራ የሚወስደውን ረጅም መንገድ ከአባቶቹ ጀምሮ ያውቀዋልና፣ በረከትን ፍለጋ ከቤት መውጣት ለእርሱም እንግዳ አይደለም።

ከዚህ ጥንታዊ ልማድ ለዛሬው ተማሪ የሚተርፉ ሁለት ነገሮች አሉ። የመጀመሪያው፣ ተማሪው የሚሄደው ወደ መምህሩ ነበር፤ የደብሩ ግድግዳ ጭቃ ይሁን ድንጋይ አይጠይቅም፣ መምህሩ ከሞቱም ጉባኤው ተበትኖ ተማሪው የእርሳቸው ደቀ መዝሙር ወደ ተከለው ሌላ ወንበር ይሻገራል። ሁለተኛው፣ በአንድ ሙያ የተመሰከረለት ሰው እንኳ አገልግሎቱን ትቶ እንደ ገና ከሌላ መምህር እግር ሥር መቀመጥን እንደ ውርደት አይቈጥረውም ነበር፤ በዜማ የጠነቀቀው መሪጌታ ቅኔ ቢጎድልበት፣ ማኅሌቱን ለሌላው ትቶ ወደ ቅኔው ጉባኤ ይወርድ ነበር። ይህን ያደርግ የነበረው በማኅሌት ቆሞ ሲያገለግል የጎደለውን ስላየ ነው።

ዘመናዊው ከፍተኛ ትምህርት በሀገራችን ዘግይቶ ስለ ተመሠረተ፣ መንገዱ ለረጅም ጊዜ ወደ ውጭ አገር ብቻ ይወስድ ነበር። የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በአዲስ አበባ በ1943 ዓ.ም. ማስተማር ጀመረ፤ ከአሜሪካው የኦክላሆማ ኮሌጅ ጋራ በተደረገ ስምምነት የአለማያ (የዛሬው ሐረማያ) የእርሻ ኮሌጅ በ1940ዎቹ መጨረሻ በሐረርጌ ደጋ ተከፈተ፤ የኋላው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፣ የቀዳማዊ ኀይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲም በ1954 ዓ.ም. ተመሠረተ፤ ነገር ግን ከመጀመሪያው ዲግሪ በላይ የሚሰጥ የድኅረ ምረቃ ትምህርት በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በሥርዐት የተቋቋመው በ1971 ዓ.ም. ግድም ነው፤ አለማያም ብዙ ሳይቆይ ተከተለ። ከዚያ በፊት የነበረ የአሰላ ባለሙያ ለማስተርስ ባሕር መሻገር ነበረበት። በ1950ዎቹ አጋማሽ የተጀመረው የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ደግሞ የከተማውን ተማሪ ለአንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛቱ እየላከ መምህር ሲያደርገው፣ በተቃራኒው መንገድ ተመሳሳይ ትምህርት አስተምሯል፤ ብዙ ተማሪዎች የገጠሩን ኑሮ በዐይናቸው አይተው ሲመለሱ፣ በትምህርት ክፍላቸው የሚጠይቁት ጥያቄ ከበፊቱ ሌላ ነበር።

ጥያቄ ከሥራ እንዴት እንደሚወለድ ለማየት ከአሰላ በስተሰሜን ጥቂት ኪሎ ሜትር ያህል ወርዶ ቁሉምሳን መጎብኘት ይበቃል። በዚህ ስፍራ የሚገኘው የግብርና ምርምር ማእከል፣ የስዊድን መንግሥት በረዳውና በ1960 ዓ.ም. ግድም ሥራ በጀመረው በጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት፣ ሕዝቡ «ካዱ» እያለ በሚጠራው፣ ዘመን ያደገ ነው፤ ዛሬም የሀገሪቱን የስንዴ ምርምር የሚያስተባብረው እርሱ ነው። በአርሲና በባሌ ደጋ በሰፊው ይዘሩ የነበሩት ኩብሳና ገላማ የተባሉት የስንዴ ዝርያዎች በ2003 ዓ.ም. መኸር በቢጫ ዋግ ተመቱ፤ ቅጠሉ ላይ እንደ ርድ ዱቄት የተበተነው በሽታ ማሳውን ጠራርጎ ሲወስደው፣ ገበሬው ወደ ዲገሉ ዝርያ ዞረ፣ ቢጫውን ዋግ ትችላለች ተብላ ነበርና። ከሦስት ዓመት በኋላ በ2006 ዓ.ም. ደግሞ ዲገሉን አንድ አዲስ የግንድ ዋግ ዘር በባሌና በአርሲ ጣላት።

አሁን በዚያ ማሳ ጫፍ መዝገቡን ይዞ የቆመውን፣ የመጀመሪያ ዲግሪ ያለውን ወጣት ባለሙያ እናስበው። ዝርያው መውደቁን ያያል፣ ምርቱ መጥፋቱን ይመዘግባል፣ ገበሬው «አንተ ነህ ዝራው ያልከኝ» ሲለው አንገቱን ይደፋል፤ ነገር ግን ዲገሉ ባንድ ክረምት ስለ ምን ወደቀች፣ መከላከያዋ በአንድ ብቸኛ የዘር ውርስ ላይ ስለ ቆመ ነውን፣ በነፋስ የመጣው የዋግ ዘር ከቀድሞው በምን ይለያል ለሚለው ጥያቄ፣ ማሳው መልስ አይሰጠውም። የዋግ ዘር ልየታ የሚካሄደው እንደ አምቦ የግብርና ምርምር ማእከል ባለ ቤተ ሙከራ ነው፤ የዝርያ ማሻሻል ትምህርት የሚሰጠው እንደ ሐረማያ ባለ ጉባኤ ነው። ይህ ሰው ሥራውን ለጊዜው ትቶ ወደዚያ ቢሄድ ከሥራው ሸሸ ሊባል አይቻልም፤ ሥራው ራሱ ነው የላከው። እንዲያውም ደግ ልማድ ሆኖ፣ ብዙ የግብርና ተማሪ የመጀመሪያውን ዓመት በትምህርት ክፍል ተቀምጦ ካሳለፈ በኋላ፣ ለመመረቂያ ጽሑፉ የሚሆነውን ሙከራ ወደ ምርምር ማእከሉ ማሳ ተመልሶ ይዘራል፤ ሄደ የተባለው ሰው በሁለተኛው ክረምት ከዚያው ማሳ ጭቃ ውስጥ፣ አዲስ ዐይን ይዞ ይገኛል።

የዋግ ነገር ከተነሣ ዘንድ አንድ የውጭ አገር ምሳሌ ማምጣት ተገቢ ነው። ኖርማን ቦርላውግ በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ የደን ትምህርት ተምሮ በደን አገልግሎት ሊቀጠር ሲጠባበቅ፣ በበጀት ችግር ምክንያት ሥራው ስለ ዘገየበት በዚያው በዩኒቨርሲቲው በቆየበት ወራት፣ ፕሮፌሰር ኤልቪን ስታክማን የእህልን ዋግ ስለሚያመጣው ረቂቅ ፈንገስ የሰጡትን ንግግር ሰማ፤ ከዚያም የደኑን ሥራ ትቶ በእርሳቸው ሥር የዕፀዋት በሽታ ተማሪ ሆነ። በኋላ በሜክሲኮ በስንዴ ላይ የሠራው ሥራ እ.ኤ.አ. በ1970 የኖቤል የሰላም ሽልማት አሰጠው፤ ከዚያ ከሜክሲኮ የስንዴ ምርምር ቤት ከወጡት ዝርያዎች አንዷ በእኛ አገር ኩብሳ ተብላ የአርሲን ጎተራ ለዓመታት ሞላች። እርሱን ለዚህ ያበቃው የመምህሩ ንግግርና ያ ንግግር የጫረበት ጥያቄ ነው፤ ዩኒቨርሲቲው ያለበት ከተማ ስፋትና ውበት በታሪኩ ውስጥ ቦታ የለውም።

ይሁንና ከማሳ የሚወለደው ጥያቄ የዘርና የማዳበሪያ ብቻ እንዳይመስለን፣ የካዱ ዘመን ራሱ ያስጠነቅቀናል። ድርጅቱ የተሻሻለ ዘርና ማዳበሪያ በብድር እየሰጠ ትንሹን ገበሬ ሊያነሣ ተመሠረተ፤ ምርቱም በእርግጥ ጨመረ። ነገር ግን ስንዴው ትርፍ ማምጣቱን ያዩ ባለ ርስቶች ትራክተር እያስገቡ መሬታቸውን ራሳቸው ማረስ ስለ ጀመሩ፣ ሊረዳ የታሰበው ጭሰኛ ከቦታው ተፈናቀለ፤ የካቲት 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ጭሰኝነትን እስኪያስቀር ድረስም ይህ እንባ አልደረቀም። የስንዴውን ነገር የተማረ ብዙ ሰው ነበረ፤ «ምርቱ ሲበዛ ማን ይበላዋል?» ብሎ አስቀድሞ የጠየቀ ግን ጥቂት ነበረ። ስለዚህ ከአርሲ ለኢኮኖሚክስ፣ ለሕግ ወይም ለማኅበራዊ ጥናት የሚነሣ ሰው፣ ከስንዴ ተመራማሪው ያላነሰ ከባድ ጥያቄ ከአገሩ ይዞ ሊወጣ ይችላል። ነርሷም እንዲሁ ናት፤ እናቶች ምጥ ከጠናባቸው በኋላ ብቻ ወደ ሆስፒታል የሚመጡበትን ምክንያት በማዋለጃ ክፍል ቆማ ካየችው፣ በጤና አጠባበቅ ትምህርት ክፍል የምትቀመጠው እንደ ሌላው ተማሪ ርእስ ፍለጋ አማካሪ ደጅ ለመጥናት አይሆንም።

ጥያቄ የሌለው ተማሪ ግን በየጉባኤው መብዛቱን መካድ አይቻልም። ጥፋቱም የእርሱ ብቻ አይደለም። በመንግሥት መሥሪያ ቤትም ሆነ በመምህርነት ሙያ ሁለተኛ ዲግሪ ለደረጃና ለደመወዝ ጭማሪ በር ስለሚከፍት፣ ሰውየው በየትኛው ትምህርት ብሎ ከመጠየቁ በፊት የትኛው ትምህርት ቶሎ ያልቃል ብሎ ይጠይቃል፤ የገባበትን ትምህርት ክፍል የመረጠው ወረፋው አጭር ስለ ሆነ ይሆናል፤ የመመረቂያ ጽሑፉንም ርእስ በመጨረሻው ወር ከሌላ ሰው ይዋሳል፤ እንዲያውም ጽሑፉን በገንዘብ የሚያጽፍ አይታጣም። እንዲህ ያለው ሰው ሲመለስ ማዕርጉ አድጓል፣ የሥራው ስሕተት ግን እዚያው የተወው ቦታ ቆሞ ይጠብቀዋል። ደመወዝ መመኘት ነውር ነው ማለቴ አይደለም፤ ቤተሰብ የሚያስተዳድር ሰው ገንዘቡን ቢያስብ ተገቢ ነው። ነገር ግን ለሁለት ዓመት ያህል ኑሮን የሚያናጋ ነገር በጭማሪው ብቻ ቢለካ፣ ሒሳቡ ራሱ አያዋጣም።

ሒሳቡን እንየው። ሥራ ለቆ የሚሄድ ሰው፣ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሚተዳደር ከሆነ፣ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ይሰጣል፤ ከዚያ በኋላ ደመወዙ ይቋረጣል፣ የአገልግሎት ዘመኑም መቆጠሩን ያቆማል። በመሥሪያ ቤቱ ስፖንሰርነት የሚሄደው ደግሞ ደመወዙ ቢቀጥልለትም፣ በውል የተወሰነውን ዘመን ተመልሶ ለማገልገል ፈርሞ ዋስ ይጠራል። ሁለቱም ግን በአዲስ አበባ የሚከራዩት ቤት ሲፈልጉ ከደላላ ጋር ይገናኛሉ። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የኪራይ ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ የቅድሚያ ክፍያውም ከሁለት ወር እንዳይበልጥ ደንግጓል፤ የማስተርስ ትምህርት ደግሞ በአብዛኛው ሁለት ዓመት ስለሆነ፣ ሕጉን የሚያውቅና በሕጉ መሠረት በጽሑፍ የሚዋዋል ተማሪ ትምህርቱን ሳይፈጽም ከቤት ወደ ቤት ከመንከራተት ይጠበቃል። በአሰላ የቀረችው ባለቤትም ልጆቹን ብቻዋን ታሳድጋለች፤ እናትየው የሄደች እንደ ሆነ ሸክሙ በአያቶቹ ላይ ይወድቃል። ይህን ወጪ የሚከፍለው ተማሪው ብቻ ስላልሆነ፣ ሽማግሎች «ኤባ» ብለው ሲመርቁ የሚመርቁት ቤተሰቡን ሁሉ ነው፤ የሚሄደውም ሰው መሄዱን ከቤተሰቡ ጋራ መክሮ መወሰን ይገባዋል።

እዚህ ላይ ጽኑ ተቃውሞ የሚያነሡ ሰዎች አሉ። አንድ ሐኪም ከሆስፒታል ለስፔሻሊቲ ለአራት ዓመት ያህል ሲሄድ፣ በዚያ አራት ዓመት ተመላላሽ ሕመምተኛውን ማን ይየው? ሁለት የፊዚክስ መምህራን ካሉበት የገጠር ትምህርት ቤት አንዱ ሲነሣ፣ ክፍሉን ማን ይሸፍነው? አቤቱታው እውነት ነው፤ በአንድ ሰው ላይ ለሚቆም መሥሪያ ቤት የአንድ ሰው መሄድ ጉዳት ነው። ነገር ግን ሐኪሙን በደጃፍ ይዞ ማስቀረት ሕመምተኛውን ለዘለቄታው አይጠቅመውም፤ ቀዶ ሕክምና የሚሻው ሰው ሁልጊዜ በሪፈር ወረቀት ወደ አዲስ አበባ እየተላከ ይኖራልና። መፍትሔው መሄዱን በተራ ማድረግ፣ ተተኪውን አስቀድሞ ማዘጋጀት፣ ለሚቀሩትም የሚሄደውን ሰው ሥራ ለሸፈኑበት ዋጋ መስጠት ነው። ሄዶ የሚመለስ ሰው በመሥሪያ ቤቱ ዘንድ ሁለት ጊዜ ይጠቅማል፤ አንዴ በራሱ፣ አንዴም ከእርሱ ቀጥሎ የሚሄደውን በማስተማሩ።

ሌሎች ደግሞ፣ ዛሬ በደጃችን ዩኒቨርሲቲ እያለ ስለ ምን እንሂድ ይላሉ። በእርግጥ ከ2006 ዓ.ም. ግድም ጀምሮ አሰላ የአርሲ ዩኒቨርሲቲ መቀመጫ ሆናለች፤ የጤናና የግብርና ትምህርት የሚሰጥባቸው ግቢዎችም ከዚያ በፊት በአዳማ ዩኒቨርሲቲ ሥር ሳሉ ጀምረው በከተማይቱ የነበሩ ናቸው። ለጥያቄው የሚሆነው መምህር በአሰላ ካለ፣ ከቤት ሳይወጡ መማር አስተዋይነት ነው፤ ለመምህራን የክረምቱ መርሐ ግብር፣ ለሌላውም የማታውና የቅዳሜና እሑዱ ትምህርት የተሠራው ለዚህ ነው። ነገር ግን መምህሩ በሌላ ከተማ ከሆነ በቅርብ የተገኘውን ብቻ መውሰድ የቅኔ ጥማት ያለው ተማሪ ቤቱ ስለ ቀረበ ብቻ በዜማ ቤት እንደ መቅረት ነው። የአርሲ ደጋ ልጆች ይህን በሌላ ሙያ አሳይተውናል፤ ከበቆጂ የወጡት እነ ደራርቱ ቱሉና ቀነኒሳ በቀለ ሳንባቸውን ያጎለመሱት በአገራቸው ነፋስ ቢሆንም፣ ችሎታቸውን የለኩት ብርቱ ተፎካካሪና ዐዋቂ አሠልጣኝ ባለበት በዋና ከተማው ክለቦች ነው።

እንግዲህ መሥሪያ ቤቶቻችን ዛሬ የሚያስፈርሙትን የግዴታ ውል መለስ ብለው ቢመለከቱት መልካም ይሆናል። ውሉ ተማሪው ምን ያህል ዓመት እንደሚቀመጥ፣ ተመልሶ ምን ያህል ዓመት እንደሚያገለግል፣ ባይመለስ ምን ያህል ብር እንደሚከፍል፣ ዋሱም ማን እንደ ሆነ በዝርዝር ይጽፋል፤ ምን ሊያውቅ እንደሚሄድ ግን አንድ መስመር አይጽፍም። ተማሪው ሲመለስም የዲግሪው ኮፒ በግል ማኅደሩ ይታሰራል እንጂ፣ ያገኘውን ለባልደረቦቹ እንዲያስረዳ የሚጠራው የለም፤ ብዙ ጊዜም የተማረውን ከማይነካ ክፍል ይመደባል፣ ከዚያም የውሉ ዘመን እስኪያልቅ ቀን ይቆጥራል። በዚህ ጊዜ ሀገር ገንዘቧን ያጣችው ተማሪው ስለ ኮበለለ ሳይሆን ተቀባይ ስላልነበረው ነው።

ስለዚህ የሚሄደው ሰው ለቅጹ ፊርማ ከመሯሯጡ አስቀድሞ፣ በሥራው ላይ ደጋግሞ የገጠመውንና በራሱ ዕውቀት ሊፈታው ያልቻለውን አንድ ነገር በአንድ ገጽ ይጻፍ፤ ገጹን መሙላት ካቃተው፣ አንድ ዓመት በሥራው ላይ ቆይቶ ሥራውን በሌላ ዐይን ቢመለከት ይሻለዋል። ከጻፈው ደግሞ ያን ገጽ ይዞ፣ በዚያ ነገር የሚታወቀው መምህር የት እንዳለ ይጠይቅ፤ ከተማውን የሚመርጥለት የመምህሩ አድራሻ ይሁን። መሥሪያ ቤቱም ገጹን ከግዴታ ውሉ ጋራ አያይዞ ያስቀምጠው፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ሰውየው ሲመለስ፣ ክሊራንሱን ከማጣራት በፊት አለቃውና ባልደረቦቹ ተሰብስበው ስለ ጥያቄው ይጠይቁት፣ ምደባውም በሰጠው መልስ ይወሰን። ለብር ዋስ እንደሚጠራ ሁሉ ለጥያቄውም ጠያቂ ከተገኘለት፣ ከአሰላ የሚነሣው ተማሪ የተወው ሥራ እንደሚጠብቀው ዐውቆ ይሄዳል፣ የሚቀበሉትም ሰዎች ምን እንደሚሹበት ዐውቀው ይቀበሉታል።